ሳይቀመስ የተቋጠረ ምሳ

አርብ፣ የካቲት 6 ቀን 2018

ይህ ደብተር የአሠሪዬ ልጅ የሙንተሃ ነበር። ከፊቱ አሥራ አንድ ገጽ የፈረንሳይኛ ቃላት ተገልብጠውበታል። «ሽፋኑ ላይ ያለችው ድመት አታምርም» ብላ ልትጥለው ስትል ለመንኳት። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ለልጄ ለሰብሊ የመጀመሪያ ጾሟ ነው፤ ስታድግ ታነበው ዘንድ ተጽፎ ይቀመጥላት ብዬ ነው።

ዛሬ ዕረፍቴ ነበር። ከምሠራበት ሰፈር ከሄሮን በሚኒባስ ካርቲዬ ስድስት ወረድኩ። ሰብሊ እዚያ ከሻሼ ጋር ናት። ሻሼ የድሬዳዋ ጎረቤቴ ነበረች፤ አሁን እንደ እኔ ድንበር ተሻግራ እዚህ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ትሠራለች፣ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ አመሻሽ ላይ ትገባለች። እኔ በሰው ቤት አዳሪ ነኝና ልጄን የማያት አርብ አርብ ብቻ ነው። ካመጣኋት አምስት ወሯ፣ ከተወለደች ስምንት ዓመቷ።

ቅበላ ስለሆነ ዶሮ ወጥ ሠራሁላቸው። ሰብሊ አጥንቱን ሳይቀር ጋጠችው። ከዚያ «ትምህርት ቤቴን ላሳይሽ» ብላ እጄን ጎትታ ወሰደችኝ፤ ዝግ ነው፣ ግን በሩን እንኳ እንዳይላት ፈልጋለች። ከበሩ ፊት ለፊት ሀያ የምትባል ሴት ደጃፏ ላይ መጥበሻ ጥዳ የሥጋ ሳምቡሳና የአተር ባጅያ ትጠብሳለች። ከሷ ቀጥሎ በላስቲክ የታሰረ ቀይና አረንጓዴ በረዶ፣ ቀጥሎ ብስኩትና ከረሜላ። በቃ። ውስጥም ምግብ ቤት የለውም፤ የውሃ በርሜል ነው ያለው።

የሙንተሃ ትምህርት ቤት በር ሌላ ነው። እዚያ የዳቦ ቤቱ ሽታ ከመንገዱ ማዶ ይቀበልሃል፤ ከጎኑ የማንጎና የብርቱካን ጭማቂ ይጨመቃል፤ ውስጥ ደግሞ የሳምንቱ ምሳ ዝርዝር ተለጥፏል፦ ዓሣ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ። ያም ሆኖ እናቷ ማዳም ኢማን ስለማታምነው የሙንተሃን ምሳ ከቤት የምቋጥረው እኔ ነኝ። ከአንዱ በር ወደ ሌላው በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም።

«እማ፣ ባጅያው አተር ነው አይደል? በጾም ይበላል?» አለችኝ ሰብሊ።

«ከሳምቡሳው ጋር በአንድ ዘይት ነው የሚጠበሰው። ሥጋ የነካው ዘይት ነው፣ አይበላም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም። ማርያምን በዪ።»

«ማርያምን።»

ሀያ ሰምታን ይሁን አይሁን እንጃ፤ ድሬዳዋ ስለኖረች አማርኛ ታውቃለች ይላሉ። ሰብሊ ከዚያ ወዲያ ወደ መጥበሻው ዞር ብላ አላየችም። ደስ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ አጠገቧ የለሁም። የምትበላውን ማቅረብ ባልችል የማትበላውን መንገር እችላለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጾም ገባ። ለሙንተሃ ዶሮ በሩዝ። አልቀመስኩም፤ ጨዉን በማሽተት ነው የምገምተው።

ማታ ሰብሊ በሻሼ ስልክ ደወለች።

«እማ፣ ዛሬ ስንት ሰዓት በላሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት። እስከዚያ ውሃም በአፌ አልዞረ» አልኳት። ትንሽ ጉራም ነበረበት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«በየቀኑ ዘጠኝ?»

«በየቀኑ። አንቺ ግን ልጅ ነሽ፤ ሲርብሽ ትበያለሽ።»

«እሺ» አለች። እሺ ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደሚያምር።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ረመዳን ገባ። ማዳምም ባለቤቷም ጾመኞች ናቸው። ማዳም አዲስ አበባ የተማረች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ አያንስም፣ ስትቆጣ ብቻ ወደ ሱማሌኛ ትሻገራለች። ዛሬ ኩሽና ውስጥ ሁለታችንም ሾርባው ላይ ጎንበስ ብለን አሸተትን፤ ማናችንም መቅመስ አንችልም። ተያየንና ሳቅን። ከዚያ ጨዉን ራሷ በማንኪያ ለክታ ጨመረች። «ያንቺ እጅ ይከብዳል ትርንጎ» አለችኝ። እንግዲህ የማፍጠሪያውን ጨው እሷ፣ የሙንተሃን ምሳ እኔ፤ ተስማማን።

ከቀትር በኋላ ቤቱ ሁሉ ይተኛል። የምጽፈው ያኔ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማላውቀው ቁጥር አንዴ ጮኾ ተቋረጠ። ልብላ።

አርብ፣ የካቲት 13

«ልጅሽ ከስታለች» አለችኝ ሻሼ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«እየረዘመች ነው።»

«መርዘሙንስ ትርዘም፤ በጎን በኩል እየጠፋች ነው እንጂ። ረመዳን ነው፣ በሩ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ሌሎቹ ትንንሽ ልጆች ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ፤ እናታቸው አጠገባቸው አለች። እኔ በጨለማ ነው የምወጣው። ዳቦ አስቀምጥላታለሁ፣ ስመለስ ዳቦው እዚያው ነው።»

ሰብሊ እንዳልሰማች ሆና የጫማዋን ክር ታስራለች። ሦስት ጊዜ ፈትታ አሰረችው።

ሻሼ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። «ትርንጎዬ፣ አትቀየሚኝ። አንድ ነገር ብትሆን በእኔ እጅ ናት። ካልሆነ አክስቷ ጋ ድሬዳዋ መልሻት።»

አልተቀየምኩም። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ከመለስኳት ሁለተኛ አላመጣትም። አምስት ዓመት በስልክ ነው ያሳደግኳት። ባቡር ጣቢያ ልቀበላት ስሄድ ካልተናገርኩ አላወቀችኝም ነበር። «ሰብሊዬ» ስላት ነው ዞር ያለችው።

ልወጣ ስል የደንብ ልብሷን አሳየችኝ። ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ያምራል?» አለች። ያምራል አልኳት።

እሑድ፣ የካቲት 15

የሙንተሃ የምሳ ዕቃ ተመለሰ። አንዴ የተነከሰ የዶሮ እግር፣ ያልተከፈተ አይብ፣ ግማሽ ሩዝ። ሙንተሃ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ስትገባ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ትስመኛለች፣ ስለ ጓደኞቿ ጭማቂና ኬክ ታወራልኛለች። የእነሱ ጭማቂ ቤት በረመዳንም አልተዘጋም፤ የውጭ አገር ሰዎች ልጆች ይበዙበታል።

ዕቃውን ቆሻሻ ውስጥ ገለበጥኩት። ለሰብሊ እንዳልልክ ፍስክ ነው። ለሰብሊ የሚሆነውን ለብቻ እንዳልሠራ እህሉ የእኔ አይደለም።

ግን የሙንተሃ ምሳ ራሱ የጾም ቢሆንስ? ድስቱ አንድ፣ ልጆቹ ሁለት። ምስር ለልጅ ጥሩ ነው፣ ሐኪምም ይላል። ሹፌሩ ቡልቻ ሙንተሃን አድርሶ በካርቲዬ ስድስት በኩል ወደ ገበያ ይወርዳል።

እስቲ ልደርበት። ሰይጣን ነው ወይስ የእናት ሆድ፣ አልለየሁትም።

ሰኞ፣ የካቲት 16

አደረግኩት። ምስር፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሩዝ። ሙቀቱ እንዳያበላሸው ጨዉን ጠንከር አደረግኩ። ደግሞ ያለ ቅቤ ያለ ሥጋ ምን ጣዕም ይኖረዋል፣ ጨው ይርዳው ብዬ ትንሽ ጨመርኩ። አንዱን በሙንተሃ የምሳ ዕቃ፣ አንዱን በአይስክሬም ዕቃ፤ በጨርቅ አሰርኩት፣ አባቴ ማሳ ሲወርድ እናቴ እንደምታስርለት። ለእኔ አልተረፈም፤ ዳቦዬ አለኝ።

ቡልቻ ሲመለስ፣ «ዘበኛው አላስገባም አለኝ፤ ፊት ለፊት ላለችው ሴትዮ ሰጠኋት» አለኝ።

«ለየትኛዋ ሴትዮ?»

«ባጅያ ለምትጠብሰው። ሀያ ለምትባለው። አደርስላታለሁ ብላለች።»

ከስንት ሰው እሷ! ልጄ እንዳትነካው ያስማልኳት መጥበሻ ባለቤት።

ምስሩ የማዳም ነው፣ ሩዙም፣ ጋዙም። ሌብነት ይባላል? ሙንተሃስ? ልጄን ላበላ ብዬ የሰው ልጅ ሳታውቀው አጾምኩ። ማዳም ዛሬ ሦስት ጊዜ ስትጠራኝ ሦስቱንም ጊዜ ደነገጥኩ።

ያ ቁጥር ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ጮኸ። አንዴ ብቻ። እንደ ሁልጊዜው።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ሽንብራ በሩዝ። ሙንተሃ አንድ ሁለቴ ጎርሳ መለሰችው፤ የውሃ ጠርሙሷ ግን ጠብታ አልቀረውም።

«ትርንጎ፣ ዶሮዬ የት ሄደች?»

«ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፤ ትመለሳለች» አልኳት። ሳቀች። ቅንጦት ነው። የጠገበ ልጅ ምስር አይጥመውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ያ ቁጥር! ሥራ የፈታ ጎረምሳ መሆን አለበት፣ ያውም ስበላ ጠብቆ። ለቡልቻ ነገርኩት፤ «አንሥተሽ ስደቢው» አለኝ። መሳደብ አልወድም። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ስልኬን አጠፋሁና በሰላም በላሁ።

አርብ፣ የካቲት 20

«ምሳው እንዴት ነው?»

«ይጣፍጣል» አለች፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ።

«ሁሉንም ትበያለሽ?»

«ሁሉንም።»

የአይስክሬሙ ዕቃ ታጥቦ፣ ጨርቁም ታጥቦ ታጥፏል። ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም። እያወራን ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች።

«ትናንት ስልክሽ ዝግ ነበር» አለችኝ ድንገት።

«በምን ደውለሽ? ሻሼ ሥራ ላይ አይደለች?»

«እንዲሁ ነው» ብላ ስለ ድመት ወሬ አመጣች።

እጇን እንደያዝኩ እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝ። አንጓዋ በጣቶቼ መሃል ዞረ። ምስር እየበላች፣ ሽንብራ እየበላች እንዴት አትወፍርም? ገና ሳምንቷ ነው፤ በአንድ ሳምንት ምን ይታያል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሻሼ ስለ ድሬዳዋ ደግማ አላነሳችም። ባለማንሳቷ የበለጠ ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ቡልቻ ደወለ። ሰብሊ ወድቃለች። ውሃ በርሜሉ ጋ ተሰልፋ። ማዳም ቁልፍ ይዛ ወጥታለች፣ እሷው ልትወስደኝ ነው። ድስቱን አጥፍቻለሁ። አጥፍቻለሁ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

የትናንቱን ዛሬ ልጻፈው። 

ሰብሊ ሀያ ቤት ነበረች፣ ፍራሽ ላይ። ሀያ እግሯን በትራስ ከፍ አድርጋ በሻሿ ታራግባታለች። የአይስክሬሙ ዕቃ እንዲቀዘቅዝ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጨርቁ እንኳ አልተፈታም። ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም።

«ምሳዋን ለምን አልበላችም?» አልኩ። በቁጣ ነበር ያልኩት፣ ሀያ ላይ።

«ዘጠኝ አልሆነማ፣ ወላሌ፣ እህቴ» አለችኝ፣ የማውቀው ነገር መስሏት። «ሁልጊዜ ዘጠኝ ነው። ስድስት ተኩል ከትምህርት ትወጣለች፣ እዚህ ገብታ ትጠብቃለች። ዘጠኝ ሲሆን ስልኬን ትወስድና አንዴ ታስጮኻለች። ከዚያ ትበላለች። ‹እማዬም አሁን እየበላች ነው› ትለኛለች። ባለፈው ሐሙስ አልጠራ አላት፤ እስከ አሥር ሰዓት ጠብቃ በግድ ነው የበላችው።»

ማዳም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«አንዴ ባጅያ ሰጠኋት» አለች ሀያ። «‹በአንድ ዘይት ነው፣ ምያለሁ› አለችኝ። አንቺ ስታስምያት ሰምቼ ነበር። ስለዚህ ትንሿን መጥበሻ በአዲስ ዘይት ለሷ ለብቻ አደረግኩ። ያኔ እሺ አለች። ልጅ መሐላዋን ስትጠብቅ ደስ ይላል፤ ስትርብ ግን አያስችልም።»

በረሃብ የምትነደው ልጄ ናት፣ ያወቀችው ሀያ። እሷ ራሷ ከንጋት ጀምራ ያልቀመሰች ጾመኛ፣ መሸጥ ባቆመችበት ወር ለልጄ ለብቻዋ ትጠብስ ኖሯል። እኔ ደግሞ ስልኬን እያጠፋሁ በሰላም እበላለሁ። መሬቱ አልተከፈተልኝም እንጂ እገባበት ነበር።

ሰብሊ ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ።

«እማ፣ ዛሬ አርብ ነው እንዴ?»

«አይደለም የኔ እናት።»

«ዘጠኝ ሆነ?»

«ሆነ» አልኳት። በጾም ዋሸሁ፤ ደግሜም እዋሻለሁ።

ጨርቁን ፈታሁና በእጄ አጎረስኳት። በየጉርሻው መሃል ውሃ ትጠጣለች። «ይጣፍጣል?» ስላት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ? ሲርብሽ ብዪ አላልኩሽም?» አልኳት።

«አብረን እንድንበላ ነዋ» አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ፣ «ድሬዳዋ ልትመልሺኝ ነው?»

ሌላ አጎረስኳት። እያለቀስኩ ነበር፤ ሰው ፊት አላለቅስም ነበር ድሮ።

ሐኪም ቤት ጠዋት ጠዋት እንድትበላ አሉን፣ ሌላ ሕመም የለባትም። የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ግን ደግማ ከወደቀች እስከ ዒድ ቤት እንድትቆይ፣ አለበለዚያ ወደሚጠብቃት ሰው እንድልካት ነገረችኝ። አልፈረድኩባትም።

ሰብሊን ሀያ ጋ ትተን ስንመለስ ሙንተሃን ከትምህርት ቤቷ በር አነሣናት። ቡልቻ ቀድሞን ደርሶ ወሬውን ነግሯት ኖሯል። መኪናው ውስጥ እንደገባች፣ «ዶሮዬ ወደ ሰብሊ ነው የሄደችው?» አለች።

ማዳም መኪናውን ጥግ አስይዛ አቆመች። በሱማሌኛ አንድ ነገር አለች፤ ከዚያ በአማርኛ፦ «ሳትነግሪኝ ልጄን አጾምሻት?»

«ይቅር ይበሉኝ ማዳም።»

«ልጅ እንዳለሽ አውቃለሁ። እንደምትራብ ግን አልነገርሽኝም። ብትጠይቂኝ ምን እላለሁ ብለሽ ነው?»

 እሷም አራት ዓመት ቤቷ ስኖር ጠይቃኝ እንደማታውቅ እያሰበች ይሆን? እኔ ምን አውቃለሁ። ወደብ ወደሚወስደው መንገድ አሻግራ እያየች፣ «የሙንተሃን ዶሮ መልሺላት» አለች። «ለልጅሽ ትንሿን ድስት ለብቻ ጣጂ። ተደብቀሽ አይሁን።»

ሙንተሃ እጇን አሻግራ ጭኔ ላይ አሳረፈች።

አርብ፣ የካቲት 27

ከሰብሊ ጋር ቀኑን ሙሉ ተኛን፣ አወራን፣ ተኛን። ወደ ነፍስ አባቴም ደወልኩ፤ «የስምንት ዓመት ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ማን ፈረደባት?» ብለው ተቆጡኝ። እኔ አልፈረድኩባትም አላልኳቸውም።

ለሰብሊ ግን ይህን ብነግራት ምን ይጠቅማል? «ብዪ» ማለቱንማ ብዬ ነበር። እሷ የምትሰማው የምላትን አይደለም፣ የማደርገውን ነው።

«ከእሑድ ጀምሮ ሰዓቴን ቀይሬያለሁ» አልኳት። «አራት ሰዓት ነው የምበላው። የእናንተ ዕረፍት አራት ሰዓት አይደል?»

ተጠራጥራ አየችኝ። «ማርያምን በዪ።»

«ማርያምን።»

«እኔም አራት ሰዓት እበላለሁ» አለች። «ሀያ አጥሩ ጋ ስልኳን ታመጣልኛለች፤ አስጮኽልሻለሁ።»

ሻሼ ሰምታ ሳቀች፣ ከዚያም ዓይኗን ጠረገች። «በይ እስከ ፋሲካ ልያት» አለችኝ። እስከ ፋሲካ። ካልከሳች፣ ካልወደቀች፣ ልጄ ከእኔ ጋር ትቀራለች።

ስወጣ ለሀያ ከማዳም ቤት ቴምር ወሰድኩላት፤ ማዳም ናት የላከችው። ትንሿ መጥበሻ ግድግዳዋ ላይ ለብቻዋ ተሰቅላለች።

እሑድ፣ የካቲት 29

ንጋት ላይ ትንሿን ድስት ጣድኩ። ምስር። ለሰብሊ በዕቃዋ፣ ለእኔ በሳህን። የሙንተሃ ዶሮም ከዘመድ ጥየቃዋ ተመልሳለች።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከተወለድኩ በዐቢይ ጾም፣ እሑድም ቢሆን፣ በዚህ ሰዓት እህል በአፌ አልዞረም። እናቴ ብታየኝ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። አማተብኩ። ስልኩ አንዴ ጮኾ ተቋረጠ።

ጎረስኩ። አላምጬ ሳልጨርስ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ።

ጨው ነው። ምስር ሳይሆን ጨው። ለሙቀቱ ብዬ፣ ለጣዕሙ ብዬ የጨመርኩት ሁሉ። ለካ ሙንተሃ አንድ ሁለቴ ጎርሳ የመለሰችው ቅንጦት ሆኖባት አልነበረም፤ ጠርሙሷም ያለ ምክንያት አልደረቀም። እኔ ጾመኛ፣ ማዳም ጾመኛ፣ ሀያ ጾመኛ፤ ከመሃላችን አንድ የቀመሰ ሰው የለም። ሰብሊ ብቻ ናት የበላችው፣ በጠየቅኳት ቁጥርም «ይጣፍጣል» ያለችኝ።

ነገ ቀምሼ እልክላታለሁ። የዛሬው ግን ሄዷል፤ አሁን አጥሩ ጋ ቆማ እየበላችው ነው። ሳህኔን ይዤ ተመልሼ ተቀመጥኩና እኔም እስከ መጨረሻው በላሁት።